ምዕራፍ ስድስት፦ ታጥቦ ጭቃ

የጄሪካን አፍ ጠባብ ስለሆነ እጅ አያስገባም። ስለዚህ ውሃ የሚቀዱ እናቶች በየጊዜው አሸዋ ወይም ጠጠር ይጨምሩበትና ጥቂት ውሃ አክለው ግራና ቀኝ እየወዘወዙ ያጥቡታል። በውሃ ብቻ የተለቀለቀ ጄሪካን ላየው ሰው ንጹሕ ነው፤ ውስጡን በጣት የነካ ግን ግድግዳው እንደሚያሟልጭ ያውቃል። ያ የሚያሟልጨው ነገር ተራ ቆሻሻ አይደለም፤ ሕይወት አለው። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ባክቴሪያዎች ራሳቸው ባመነጩት ዝልግልግ ውስጥ ተጣብቀው ይኖሩበታል። የዘርፉ ሰዎች ባዮፊልም ብለው ይጠሩታል።

ባዮፊልም የሌለበት ርጥብ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ጠዋት ስንነቃ በምላሳችን ጥርሳችን ላይ የምንዳስሰው ሽፋን ባዮፊልም ነው። በሕመምተኛ የሽንት ቱቦ፣ በወተት ፋብሪካ ቧንቧና በነዳጅ ማስተላለፊያ ብረት ውስጥም ይገኛል። በዚህ ምዕራፍ የምንከተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ በፈሳሽ ውስጥ ሲንሳፈፍ በጥቂት መድኃኒት የሚሞት ባክቴሪያ፣ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ለምን አልሞት ይላል?

ኮምጣጤው ያልደረሰበት

በ17ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ፣ በዴልፍት ከተማ፣ አንቶኒ ቫን ሌዊንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ይኖር ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ ነገር ግን በገዛ እጁ የሚያለዝባቸው መስታወቶች በዘመኑ ማንም ያላየውን አሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1683 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በላከው ደብዳቤ ከጥርሱ መካከል የፋቀው ነጭ ነገር በሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ መሆኑን ገለጸ። በኮምጣጤም ሞከራቸው። ኮምጣጤው ከጥርስ ተፍቀው የወጡትን ገደላቸው። አፉን በኮምጣጤ ሲጉመጠመጥ ግን የሞቱት በሽፋኑ ላይኛ ገጽ ያሉት ብቻ ነበሩ፤ ኮምጣጤው ወደ ውስጥ ዘልቆ አልገባም። እ.ኤ.አ. በ1684 የታተመው ይህ አስተውሎት የዚህን ምዕራፍ ፍሬ ነገር ከ300 ዓመት በላይ ቀድሞ የያዘ ነው።

ሆኖም ሰሚ አላገኘም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ አንድን ባክቴሪያ ከሌሎቹ ለይቶ በንጹሕ የሚያሳድግበትን ዘዴ አዳበረ። የሳንባ ነቀርሳ መንሥኤ እ.ኤ.አ. በ1882 የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ውለታው ትልቅ ቢሆንም አንድ ልማድ ተክሎ አለፈ፤ ባክቴሪያ በመረቅ ውስጥ የሚንሳፈፍ ብቸኛ ፍጥረት ተደርጎ መጠናት ጀመረ። በኋላ የመጡት አንቲባዮቲኮችም የተፈተኑት በዚሁ በተንሳፋፊው ላይ ነው።

ከዚህ ልማድ ወጣ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። በካሊፎርኒያ የባሕር ውሃ ባክቴሪያን ያጠና የነበረው ክላውድ ዞቤል እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ውሃው ጠርሙስ ውስጥ ሲቀመጥ ባክቴሪያዎቹ በመስታወቱ ግድግዳ ላይ እንደሚበዙ አሳየ። በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቢል ኮስተርተን ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ንጹሕ የተራራ ጅረቶችን መረመረ። በሚፈሰው ውሃ ውስጥ የተገኘው ባክቴሪያ ጥቂት ነበር፤ በድንጋዮቹ ላይ የተጣበቀው ግን እጅግ ብዙ። እ.ኤ.አ. በ1978 ሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በተፈጥሮ ውስጥ ባክቴሪያ በአብዛኛው የሚኖረው ተጣብቆ ነው አሉ። መንሳፈፉ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ሲጓዝ ብቻ ነው። የባዮፊልም ጥናት ራሱን ችሎ የቆመው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሰፋፈሩ

አንድ ቱቦ ወይም ብረት ፈሳሽ እንደነካው በደቂቃዎች ውስጥ ፕሮቲንና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይለብሱታል። ባክቴሪያው የሚያርፈው በዚህ ስስ ልባስ ላይ ነው። መጀመሪያ አያያዙ ልል ስለሆነ ውሃ በኃይል ከወረደበት ይታጠባል። ጥቂት ሰዓት ካገኘ ግን አያያዙን ያጠብቃል፣ ይራባል፣ ዝልግልግ ማመንጨትም ይጀምራል።

ይህ ዝልግልግ ከረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ባክቴሪያዎች ከፈሰሰ ዲኤንኤ የተሠራ ነው። ጭቃና ጭድ ተቦክቶ የቤት ግድግዳ እንደሚያቆም፣ እነዚህም ተጠላልፈው ሽፋኑን ያቆሙታል። አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። ውሃው ደርቆ የሚቀረው ቢመዘን የባክቴሪያዎቹ ድርሻ ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው ያመነጩት ነገር ነው። በመካከሉ ውሃና ምግብ የሚያልፍባቸው መተላለፊያዎች አሉ። ከላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጂን ስለሚያገኙ በፍጥነት ያድጋሉ፤ ከሥር ያሉት ደግሞ ኦክስጂን አጥሯቸው አዝግመው ይኖራሉ።

ባክቴሪያዎቹ እርስ በርስ መልእክት ይለዋወጣሉ። እያንዳንዱ ጥቃቅን ኬሚካሎችን ወደ አካባቢው ይለቃል፤ ቁጥራቸው ሲበዛ የኬሚካሉም መጠን ይጨምራል፤ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ሁሉም በአንድነት ጠባያቸውን ይለውጣሉ። ይህ መጀመሪያ የታወቀው ብርሃን በሚሰጡ የባሕር ባክቴሪያዎች ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ጥናት ብርሃኑ የሚበራው ብዛታቸው ሲደርስ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ መልእክት ማመንጨት እንዳይችል የተደረገ ሱዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራው ሽፋን ስስና በቀላል ሳሙና የሚበተን ሆኖ ተገኘ። መልእክቱ ሲቋረጥ ግንባታውም ይላላል ማለት ነው።

ሽፋኑ ካደገ በኋላ ከላዩ ቁራጭ እየተገነጠለ በፈሳሹ ይሄዳል፤ አንዳንድ ባክቴሪያዎችም ራሳቸው ተላቀው ይወጣሉ። በሕመምተኛ ላይ ትኩሳቱ ሄደ ሲባል የሚመለሰው፣ በፋብሪካም ትናንት ንጹሕ የነበረው ምርት ዛሬ ተበክሎ የሚገኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ለምን ያቅተዋል?

በባዮፊልም ውስጥ ያለ ባክቴሪያ፣ ተንሳፋፊውን ከሚገድለው መጠን ከ10 እስከ 1,000 እጥፍ የሚደርስ አንቲባዮቲክ ሊቋቋም ይችላል። ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው።

አንደኛው ዝልግልጉ ራሱ ነው። ብዙ አንቲባዮቲኮች ቀስ ብለውም ቢሆን ያልፉታል፤ በረኪናን በመሰሉ ነገሮች ላይ ግን እንቅፋቱ ከባድ ነው። ክሎሪን ያገኘውን ሁሉ ስለሚያቃጥል ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ከላይኛው ሽፋን ጋር ተዋግቶ ያልቃል። ባልተፈገፈገ ዕቃ ላይ በረኪና ማፍሰስ አብዛኛውን ጊዜ ለዝልግልጉ መቀለብ ነው።

ሁለተኛው ዝግታ ነው። ፔኒሲሊንና ዘመዶቹ ባክቴሪያን የሚገድሉት አካሉን ሲገነባ አግኝተው ነው። ከሥር ያለው ባክቴሪያ ምግብና ኦክስጂን አጥሮት ግንባታውን አቁሟል፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ቢደርስበትም የሚያበላሽበት ሥራ የለም።

ሦስተኛው የተኙት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1944 የደብሊኑ ሐኪም ጆሴፍ ቢገር፣ በፔኒሲሊን ከተመቱ ከአንድ ሚሊዮን ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያዎች መካከል አንድ ያህሉ ሳይሞት እንደሚቀር ተመለከተ። የተረፈውን ሲያራባው ልጆቹ እንደ አያቶቻቸው በፔኒሲሊን ይሞታሉ። ስለዚህ መድኃኒቱን አልተላመደም፤ ተኝቶ አመለጠ እንጂ። በባዮፊልም ውስጥ እንዲህ ያሉ የተኙ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፤ መድኃኒቱ ሲቆም ነቅተው ሽፋኑን እንደገና ይገነቡታል።

ይህን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። መድኃኒት ተላምዷል የሚባለው ባክቴሪያ በዘሩ ተለውጧል፤ የትም ቢሄድ መድኃኒቱ አይገድለውም። በባዮፊልም ውስጥ ያለው ግን ከሽፋኑ ሲወጣ ተራ ባክቴሪያ ነው። ችግሩ ላቦራቶሪ የሚፈትነው ይህንኑ የወጣውን መሆኑ ነው። ውጤቱ «ይህ መድኃኒት ይሠራል» ይላል፤ ሐኪሙ ያዝዛል፤ ሕመምተኛው ለጥቂት ቀናት ይሻለዋል፤ ከዚያም ያገረሽበታል። ታጥቦ ጭቃ ማለት ይኸው ነው። ሐኪሙ መድኃኒት በቀያየረ ቁጥር ደግሞ በእውነት የተላመደ ዘር እንዲፈጠር ዕድል ይሰጣል፤ ባክቴሪያዎቹ ተጠጋግተው ስለሚኖሩም የመላመዱን ዘረመል እርስ በርስ ለመቀባበል ይመቻቸዋል።

በሆስፒታል

የሰው አካል ሕይወት የሌለው ነገር ሲገባበት ለባዮፊልም መኖሪያ ይከፈታል። ሕይወት ካለው ሥጋ ጋር ሲነጻጸር ፕላስቲክና ብረት ደም አይዘዋወርባቸውም፤ ነጭ የደም ሴሎች እንደልብ አይደርሱባቸውም።

የዚህ ግልጹ ምሳሌ የሽንት ቱቦ ወይም ካቴተር ነው። ካቴተር በገባለት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመገኘቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምራል፤ አንድ ወር ሲሞላው ያልያዘው ሰው ብርቅ ነው። ፕሮቲየስ የተባለው ባክቴሪያ ከገባ ደግሞ በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጣል፤ ሽንቱ አሲድነቱን ያጣና ማዕድኑ ይጠጥራል፤ ሽፋኑ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ቱቦውን ይደፍናል። እዚህ ላይ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ አይረዳም። የሚረዳው ቱቦው በሚያስፈልግ ጊዜ ብቻ እንዲገባ ማድረግና በየቀኑ «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው፤ ካላስፈለገ ይወጣል።

ካቴተር ቀላሉ ነው፤ ይወጣል ይቀየራል። ልብ ውስጥ የገባን ሽቦ ማውጣት ግን ቀላል ውሳኔ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 ኮስተርተንና ባልደረቦቹ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ስለነበረው አንድ ሕመምተኛ ጽፈው ነበር። ስታፊሎኮከስ በደሙ ውስጥ ተገኝቶ በአንቲባዮቲክ ታከመ፤ ሕክምናው ሲያበቃ በሽታው ተመለሰ። ሽቦው ወጥቶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ በወፍራም የባክቴሪያ ሽፋን ተጠቅልሎ ተገኘ።

በሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ዋናው ጉዳይ ጊዜ ነው። ኢንፌክሽኑ ቶሎ ከተደረሰበት ቁስሉ ተከፍቶ፣ ታጥቦና ተፈግፍጎ መገጣጠሚያውን ማዳን ይቻላል። ከቆየ ግን ብዙ ጊዜ ብረቱ መውጣት አለበት። መድኃኒትም ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ በአገራችን ለሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትነቱ የሚታወቀው ሪፋምፒሲን በተጣበቀ ስታፊሎኮከስ ላይ ያለውን ኃይል አሳየ። በአጥንት ውስጥ ካለ ብረት ጋር የተያያዘ ኢንፌክሽን ቶሎ የተደረሰባቸው ሰዎች ሁሉም ቁስላቸው ታጠበ። ሪፋምፒሲን ተጨምሮላቸው ሕክምናውን ከጨረሱት 12 ሰዎች 12ቱም ሲድኑ፣ ያለ እሱ ከጨረሱት 12 ሰዎች የዳኑት 7 ነበሩ። ሪፋምፒሲን ግን ብቻውን አይሰጥም፤ ባክቴሪያው በፍጥነት ይላመደዋል። በዚያ ላይ መድኃኒቱ የሠራው በታጠበ ቁስል ላይ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ለብዙ ሰዎች በተራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችም ከዚህ አያመልጡም። የሆድ ዕቃ መመርመሪያው ኢንዶስኮፕ ቀጫጭን ቦዮች አሉት፤ ከተጠቀሙበት በኋላ ወዲያው ካልተቦረሸ በውስጡ የደረቀው ነገር በኬሚካል ብቻ አይለቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ለሐሞት ቱቦ ምርመራ የሚውለው ኢንዶስኮፕ ጫፉ ውስብስብ በመሆኑ መመሪያው ተከብሮ እንኳ በደንብ ላይጸዳ እንደሚችል አስጠነቀቀ። ጥፋቱ ከአጣቢው በላይ የአሠራሩ ነበር። ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ያለው መሣሪያ ሊጸዳ አይችልም።

በፋብሪካ

ጀርም ከመግደል በፊት ሽፋኑን ማንሣት እንደሚያስፈልግ የወተት ባለሙያዎች ቀድመው አውቀውታል። የፋብሪካ ቧንቧ ሳይፈታ የሚታጠበው በቅደም ተከተል ነው፦ በውሃ ማለቅለቅ፣ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ በሞቀ ኮስቲክ ሶዳ ፕሮቲኑንና ስቡን ማሟሟት፣ እንደገና ማለቅለቅ፣ በአሲድ የወተቱን የማዕድን ቅርፊት ማንሣት፣ ማለቅለቅ፣ በመጨረሻም ጀርም ገዳዩን ማሳለፍ። ፈሳሹ በሴኮንድ 1.5 ሜትር ያህል ፍጥነት እንዲሮጥ ይደረጋል፤ ቧንቧው ውስጥ ብሩሽ ስለማይገባ የሚፈገፍገው ፍጥነቱ ነው። ውሃ የሚተኛበት ጎን፣ የተሰነጠቀ ጎማና ሻካራ ብየዳ ካለ ግን ፍጥነቱ እዚያ አይደርስም።

ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ልማድ በአገራችን የቆየ ነው። ጠላ ጠማቂዋ ጋኑን በግራዋ ቅጠል አጥብቃ ትፈገፍጋለች፤ ታለቀልቃለች፤ ከዚያ በወይራ ታጥነዋለች። የወተት ዕቃም በወይራ ጭስ ይታጠናል። ቅጠሉ ሽፋኑን ያነሣል፤ በጭሱ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች የተረፈውን ያዳክማሉ። ጭሱ ከመፈግፈጉ ቢቀድም ኖሮ ይህን ያህል ባልጠቀመ።

ቅደም ተከተሉ ሲዛነፍ ወይም የማይደረስበት ጥግ ሲኖር ዋጋው ሕይወት ሊሆን ይችላል። ሊስቴሪያ የተባለው ባክቴሪያ በማቀዝቀዣ ውስጥም ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ ከታሸገ ሥጋ ጋር የተያያዘ የሊስቴሪያ ወረርሽኝ ከ20 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ መርማሪዎች ባክቴሪያው በሥጋ መቁረጫ ማሽኖቹ ውስጥ፣ ተራ እጥበት ከማይደርስበት ጥልቅ ቦታ ሳይደበቅ እንዳልቀረ ደረሱበት። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 በደቡብ አፍሪካ የተነሣው ደግሞ በዓለም ከተመዘገቡት የሊስቴሪያ ወረርሽኞች ትልቁ ነው። ከ1,000 በላይ ሰዎች ታመው ከ200 በላይ ሞቱ፤ ከታመሙት ብዙዎቹ ከተወለዱ ወር ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። ምንጩ ፖሎኒ የሚባለው ለመብላት የተዘጋጀ ሥጋ ሲሆን፣ ወረርሽኙን ያስነሣው ዘር በፖሎክዋኔ ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ተገኝቷል።

ባዮፊልም ብረትም ይበላል። ከሽፋኑ ሥር ኦክስጂን ሲጠፋ ሰልፌትን የሚጠቀሙ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ያመነጫሉ፤ ብረቱም ከውስጥ ይቦረቦራል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 በአላስካ ፕሩዶ ቤይ ከቢፒ ኩባንያ የነዳጅ ቧንቧ ወደ 800,000 ሊትር ድፍድፍ ፈሰሰ። ቧንቧው ከውስጥ ተበልቶ ነበር፤ ባክቴሪያም በጉዳቱ ድርሻ እንደነበረው ታምኖበታል። መከላከያው ቀላል ነው፤ በነዳጁ ግፊት እየተገፋ ግድግዳውን እየፋቀ የሚያልፍ፣ ሠራተኞቹ ፒግ የሚሉት መሣሪያ አለ። በዚያ መስመር ላይ ግን ለዓመታት አልተላከም። ደለል ባልተፋቀበት ቧንቧ ውስጥ ፀረ ባክቴሪያ ኬሚካል ቢጨመርም ከሥር ያለውን አያገኘውም።

ጠላት ብቻ አይደለም

ባዮፊልምን ሁሉ ማጥፋት አይቻልም፤ ቢቻልም አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ1892 ኮሌራ በጀርመን ሃምቡርግ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ጎን ለጎን ያለችው አልቶና ከተማ ግን ብዙም አልተጎዳች። ሁለቱም ከኤልበ ወንዝ ይጠጡ ነበር፤ እንዲያውም አልቶና የምትቀዳው ከሃምቡርግ በታች፣ ይበልጥ ከቆሸሸው ውሃ ነው። ልዩነቱ አልቶና ውሃዋን ቀስ ብሎ በአሸዋ ውስጥ ማሳለፏ ነበር። ይህን የመረመረው ሮበርት ኮክ ራሱ ነው፤ አሸዋው ላይ የተፈጠረው ዝልግልግ ሽፋን የማጣራቱ ዋና አካል መሆኑንም ተገንዝቦ ነበር። ዛሬም በብዙ አገሮች የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ቆሻሻው በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ላይ እየተንጠባጠበ እንዲወርድ ይደረጋል፤ ቆሻሻውን የሚበላው በዚያ ላይ የሚያድገው ባዮፊልም ነው።

ቅደም ተከተሉ

ተመራማሪዎች አዳዲስ መንገዶችን እየሞከሩ ነው፦ ባክቴሪያ የማይጣበቅባቸው ልባሶች፣ መልእክታቸውን የሚያቋርጡ ኬሚካሎች፣ ዝልግልጉን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች፣ ባክቴሪያን የሚበሉ ቫይረሶች። ጥቂቶቹ ተስፋ ሰጪ ናቸው። እስካሁን ግን የመጣው ሁሉ አሮጌውን ቅደም ተከተል ሊያስቀር አልቻለም፦ መጀመሪያ መፈግፈግ፣ ቀጥሎ ማለቅለቅ፣ ከዚያ መግደል፣ በመጨረሻም ማድረቅ። ይህም ሳይቆይ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው።

ጀርም ገዳይ የሚገዛ ሁሉ፣ ሆስፒታል ይሁን ፋብሪካ፣ ለብሩሹና ለሚቦርሸው ሠራተኛ የመደበው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። መሣሪያ የሚመርጥ ባለሙያ «ስንት ያወጣል?» ከማለቱ በፊት «በምን ይጸዳል?» ይበል። ቤተሰቡ ካቴተር የገባለት ሰው ነርሷን «መቼ ይወጣል?» ብሎ ለመጠየቅ አይፈር። ጣሪያ ላይ ሮቶ ያለው ደግሞ ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ውሃውን አውጥቶ ግድግዳውን ይፈግፍግ። በባዮፊልም ላይ እስካሁን ከተገኙት መሣሪያዎች ርካሹም አስተማማኙም በጊዜው የተነሣ ብሩሽ ነው።